ኮፓው ሳይዘጋ ክፍተቱን አስለካ፦ ለታደሰ ሞተር የሚሆን የዘይት ቁጥር

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ሃይኤስ ሚኒባስ አለኝ፤ ሞተሯ 5ኤል የሚባለው ናፍጣ ነው። ዘይት መብላት ስታበዛ ሞተሩን አስወርጄ ሬቲፊካ ቤት (የሞተር ክፍሎች በማሽን የሚስተካከሉበት) አስገባሁት። ሲሊንደሮቹ 0.50 ሚሊ ሜትር ሰፍተው አዲስ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ገባላቸው፤ ክራንክሻፍቱም (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) 0.25 ተቀንሶ አዲስ ብሮንዚን (ዘንጉ የሚዞርበት ማቀፊያ) ታሰረለት። ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ገና አልታሰረም፤ ቅዳሜ ይነሳል ተብያለሁ። የሚገጥመው መካኒክ ‹20ደብልዩ-50 አድርግበት፣ ወፍራም ይይዛል› ይለኛል። ጎረቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ‹ነጠላ 40 ካልሆነ አይሆንም› ይላል። ዕቃ ሻጩ ደግሞ ‹አዲስ ሞተር ጥብቅ ነው፣ ቀጭኑን 5ደብልዩ-30 ሲንተቲክ ውሰድ› አለኝ። የማንን ልስማ?»

ወንድሜ፣ ኮፓው አለመታሰሩ ደግ ነገር ነው። ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ፤ ዘይት ከመግዛትህ አስቀድመህ በክራንክሻፍቱና በብሮንዚኑ መካከል ስንት ክፍተት እንደቀረ አስለካ። ሦስቱም መካሪዎችህ የሚያውቁትን ነው የነገሩህ፤ ይህን ቁጥር ግን አንዳቸውም አልጠየቁህም። ሞተር አሳድሶ ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ሁሉ «አዲስ ስለሆነ ቀጭን» ወይም «ተበልቶ የታደሰ ስለሆነ ወፍራም» ብሎ ይጀምራል። የታደሰ ሞተርን የዘይት ውፍረት የሚወስነው ሬቲፊካ ቤቱ የተወው ክፍተት ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ይመጣል።

ክራንክሻፍቱ በሚዞርበት ጊዜ ብሮንዚኑ ላይ አይቀመጥም። ፓምፑ የሚልከው ዘይት በሁለቱ መካከል ይገባል፤ ዘንጉ ራሱ በዙሩ ዘይቱን እየጎተተ እንደ ሽብልቅ ያጠብቀዋል፤ ያ የጠበቀ ዘይት ብረትን ከብረት አንሥቶ ይይዛል። ሽፋኑ ከሰው ፀጉር የቀጠነ ነው። ክፍተቱ ጠባብ ሆኖ ዘይቱ ሲወፍር በቂ ዘይት አይገባም፤ ዘይት ከማለስለሱ ሌላ ሙቀትንም አጥቦ የማውጣት ሥራ ስላለበት ብሮንዚኑ ይግላል። ክፍተቱ ሰፍቶ ዘይቱ ሲቀጥን ደግሞ በሁለቱም ጎን እየፈሰሰ ያመልጣል፤ ግፊቱ ይወድቃል፤ ከፓምፑ ርቆ ያለው ብሮንዚን ደርቆ ይቀራል።

በ5ኤል ላይ የዋናው ዘንግ አንገት (ብሮንዚኑ የሚያቅፈው ክብ ክፍል) ውፍረት 62 ሚሊ ሜትር፣ ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) የሚታሰርበት ደግሞ 55 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የቆዩ መካኒኮች የሚጠቀሙበት ስሌት አለ፤ ክፍተቱ የአንገቱ ውፍረት አንድ ሺህኛ ያህል ወይም ከዚያ ትንሽ ያነሰ ይሁን ይላል። በዚህ ስሌት 0.055 እና 0.062 ይወጣል። ለዚህ ሞተር ቤተሰብ የተሰጠው ልክም በግምት ከ0.035 እስከ 0.065 ሚሊ ሜትር ነው፤ 0.10 ከደረሰ ብሮንዚኑ መቀየር አለበት። እንግዲህ የምንነጋገረው በመቶኛ ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዘንጉን በእጅ ነቅንቆ «ልኩ ነው» የሚል ሰው ለክቶልሃል አትበል።

አለካኩ ከባድ አይደለም። ፕላስቲጌጅ የሚባል የሰም ክር የመሰለ ነገር አለ፤ በወረቀት ተጠቅልሎ በክንድ ልክ ይሸጣል። አረንጓዴውን ጠይቅ፤ ከ0.025 እስከ 0.076 የሚለካው እሱ ነው። ሞተሩ ተገልብጦ ክራንክሻፍቱ ወደ ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ የዘንጉ ክብደት ክሩን ይጫነውና ውሸት ያነብልሃል። የብሮንዚኑ ክዳን ይፈታ፤ አንገቱና ብሮንዚኑ ከዘይት ይጠረጉ፤ ክሩ ቁመቱን ይዞ በአንገቱ ላይ ይተኛ፤ ክዳኑ በተወሰነለት ጥብቀት በቶርክ ቁልፍ ይታሰር። በዚህ ጊዜ ዘንጉን ማንም እንዳያዞረው። ክዳኑ ሲፈታ ክሩ ተጨፍልቆ እንደ ጥብጣብ ተለጥፎ ታገኘዋለህ። መጠቅለያው ወረቀት ላይ ካሉት መስመሮች ጋር ስፋቱን አስተያየው፤ ጥብጣቡ በሰፋ ቁጥር ክፍተቱ ጠባብ ነው ማለት ነው። አንዱ ጫፍ ሰፍቶ ሌላው ከቀጠነ አንገቱ ሲሞረድ እኩል አልወጣም፤ ይህን ያየህ እንደሆነ ስለ ዘይት ማሰብ ትተህ ክራንክሻፍቱን ወደ ሬቲፊካ ቤቱ መልሰው። አራቱንም ቢየላዎች ለካ። ከአምስቱ ዋና ብሮንዚኖች ደግሞ ቢያንስ የመጀመሪያውን፣ የመካከለኛውንና የመጨረሻውን። አንድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። መካኒክህ ቅር ቢለው በትሕትና ጠይቀው፤ ጥሩ ባለሙያ ሥራው ሲለካለት አይከፋውም።

ቁጥሮቹ ከ0.035 እስከ 0.065 ውስጥ ከወጡ የአንተ ዘይት 15ደብልዩ-40 የናፍጣ ዘይት ነው። ከ0.07 እስከ 0.09 ካሉ ሞተሩ ገና ሳይነሳ ግማሽ ዕድሜውን ጨርሷል፤ 20ደብልዩ-50 ለጊዜው ሊይዘው ይችላል፤ እኔ ብሆን ግን ብሮንዚኑን አስመልስ ነበር። ገንዘብህን ከፍለህ ያሳደስከው እንደገና አምስትና ስድስት ዓመት እንዲሠራልህ እንጂ በወፍራም ዘይት ተደግፎ እንዲንገዳገድ አይደለም። 0.10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምንም ዓይነት ዘይት አያድነውም። ከ0.03 በታች ጠቦ ከተገኘም አይነሳ፤ ሲሞቅ ሊይዝ ይችላል።

አሁን ወደ መካሪዎችህ ልምጣ። የ20ደብልዩ-50ው ምክር የሚመጣው ከግፊት ጌጅ ነው። ወፍራም ዘይት ሲገባ ጌጁ ከፍ ይላል፤ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ጌጁ የሚያሳየው ግን ዘይቱ ለመሄድ ምን ያህል እንደተቸገረ ነው፤ ምን ያህል ዘይት ብሮንዚኑ ጋ እንደደረሰ አያሳይም። ጠዋት ዘይቱ ቀዝቅዞ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ በፓምፑ በኩል ያለው ማስተንፈሻ ቫልቭ ይከፈትና ትርፉን ወደ ኮፓው ይመልሰዋል። ፊልትሮው ውስጥ ያለችው ማለፊያ ቫልቭም ትከፈታለች፤ ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። ከእድሳት በኋላ ባሉት ቀናት ደግሞ ከሲሊንደሩና ከፋሻው የሚላገው ብረት የሚበዛበት ጊዜ ነው፤ ሳይጣራ እንዲያልፍ የማንፈልግበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት ቃሊቲ ተቀጥሬ ስሠራ የአንድ ሰው ፒክአፕ ሞተር አድሼ ነጠላ 50 ሞላሁበት። ወሩ ኅዳር ነበር። ጠዋት ስናነሣው ጌጁ ከ5 ኪሎ (በካሬ ሴንቲ ሜትር) በላይ ቆመ፤ ባለቤቱን ጠርቼ አሳየሁት። ወር ሳይሞላ ከሥር ማንኳኳት ጀመረ። ኮፓውን አውርጄ የቢየላውን ብሮንዚን ሳወጣ፣ ጭስማ ግራጫ መሆን የነበረበት ገጹ በመካከሉ ተጠርጎ መዳቡ ወጥቶ ነበር፤ እንደተወለወለ ጀበና አፍ ያበራል። ከዚያ በኋላ ነው ያልተበሉትን ብሮንዚኖች ክፍተት የለካሁት፤ 0.03 ነበር። ያን ያህል ጠባብ ቦታ በዚያ ብርድ ያን ያህል ወፍራም ዘይት አስገድጄ ላስገባ ሞክሬ ነበር ማለት ነው። የሰውዬውን ወጪ ከኪሴ ከፈልሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልለካ ዘይት አልሞላሁም።

አንተ ጋ ብርዱ ይብሳል። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው ላይ ውርጭ ሲያድር አይተሃል። እዚህ ላይ የዘይት ቁጥር ምን እንደሚል ማወቅ ይጠቅምሃል። ከኋላ ያለው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ያለውን ውፍረት ይናገራል፤ በሴንቲስቶክ መለኪያ 30 የሚባለው ከ9.3 እስከ 12.5፣ 40 የሚባለው ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 የሚባለው ከ16.3 እስከ 21.9 ነው። ከፊት ያለውና ደብልዩ የተጻፈበት ደግሞ የብርድ ቁጥር ነው፤ ፊደሏ ክረምትን ታመለክታለች። 15ደብልዩ ሞተርን ለማስነሳት የሚፈተነው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ነው፤ 20ደብልዩ ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ላይ። እንዲህ ያለ ብርድ ሱሉልታ አይደርስም፤ ስለዚህ መኪናህ በየትኛውም ዘይት ትነሣለች። ጥያቄው ከተነሣች በኋላ ዘይቱ ከኮፓው ተነሥቶ እስከ ቴስታታው (የሞተሩ አናት) ለመድረስ ስንት ሰኮንድ ይፈጅበታል የሚለው ነው።

አጥሚትን አስበው። ከእሳት እንደወረደ በስኒ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ቀዝቅዞ ሲረጋ ማንኪያ ያቆማል። ዘይትም እንዲሁ ነው። የተለመደ 15ደብልዩ-40 በ100 ዲግሪ 14 ሴንቲስቶክ ያህል ሆኖ ሳለ በ40 ዲግሪ ከ105 እስከ 110 ይሆናል፤ የሱሉልታ ጠዋት 5 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ወደ ዘጠኝ መቶ ይጠጋል። 20ደብልዩ-50 በዚያው ብርድ ወደ ሁለት እጥፉ ይደርሳል። የጎረቤትህ ነጠላ 40 ደግሞ ሲሞቅ ከ15ደብልዩ-40 ጋር እኩል ይሁን እንጂ በብርዱ ከ20ደብልዩ-50 እንኳ ሊብስ ይችላል። ጎረቤትህ ውሸታም አይደለም፤ ነጠላ ዘይት ለዘመናት ከባድ መኪናዎችን ተሸክሟል። ቀኑን ሙሉ ሞተሩ ሳይጠፋ ከሞጆ ወደ አፋር የሚወርድ መኪና የጠዋቱን ችግር በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚያየው። ሚኒባስ ግን ጠዋት ይነሣል፣ ተራ ሲጠብቅ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሣል። የአንተ ሞተር ከሚበላባቸው ጊዜያት አንዱ ከመነሳቱ በኋላ ያሉት ጥቂት ሰኮንዶች ናቸው።

ዕቃ ሻጩ የነገረህ 5ደብልዩ-30 ሲንተቲክ ቪትዝ ላሳደሰ ሰው ጥሩ ምክር ነበር። እግረ መንገዴን ለቪትዝ ባለቤቶችም ልናገር፤ የካምሻፍቱን (ባልቮላዎቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ጊዜ የሚያስተካክለው ሥርዓት በቀጫጭን የዘይት መንገዶች ስለሚሠራ ታድሷል ብላችሁ 20ደብልዩ-50 አትሙሉበት። 5ኤል ግን ክፍተቱ ሰፋ ያለ፣ የናፍጣ ጥቀርሻ የሚሸከም ሞተር ነው። 30 ቁጥር በዚያ ላይ የጥንቃቄ ትርፍ አይተውልህም፤ በተለይ ሞልተህ ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ዘይቱ ሲግል ይሳሳል። ሲንተቲክ የመሆኑ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። አዲስ ፋሻ ሲሊንደሩ ላይ ካለው የመስቀል ጭረት ጋር ትንሽ እየተላገ መቀመጥ አለበት። እኛ ጋ በእጅ መሣሪያ ተጭሮ ለወጣ ሲሊንደር እኔ ሁልጊዜ ተራውን ማዕድናዊ ዘይት እመርጣለሁ፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ለመቀየርም አያሳሳም። ሲንተቲክ ከፈለግህ 5,000 ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ ይደረሳል።

ከቁጥሩ እኩል ደረጃውን አንብብ። ጀሪካኑ ላይ ኤፒአይ ከሚለው ቀጥሎ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ፣ በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን ነው። አንተ ሲአይ-4 ፈልግ፤ 2002 ላይ የወጣ ደረጃ ነው፤ ጥቀርሻን በትኖ ይይዛል፤ በናፍጣው ውስጥ ካለው ድኝ የሚመጣውንም አሲድ ይቋቋማል። ለካምሻፍቱና ለባልቮላ መግፊያዎቹ የሚሆን ዚንክም በበቂ አለው፤ ስለዚህ በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ ተጨማሪ መድኃኒት አትግዛ፤ ማወፈሪያውን ደግሞ በፍጹም። ከበርሜል በጆግ ተቀድቶ የሚሸጥ ዘይት ለዚህ ሞተር አይሆንም። ማኅተሙ ያልተነካ ጀሪካን ውሰድ፣ ክዳኑን ራስህ ክፈተው።

ቅዳሜ ዕለት ሞተሩ ዝም ብሎ በቁልፍ አይነሣ። ፊልትሮው ሊያፈስ በማይችልበት አቅጣጫ የሚታሰር ከሆነ አስቀድሞ ዘይት ይሞላ። ከዚያ የናፍጣ ፓምፑ ላይ ያለችው የማጥፊያ ሶሌኖይድ ሽቦ ትነቀል፤ ናፍጣ ስለማይገባ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሣም። 10 ሰኮንድ አዙር፣ ግማሽ ደቂቃ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይረፍ፣ ደግሞ አዙር፤ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ወይም ጌጁ እስኪነሣ ድረስ። ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዙር ይበቃል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ ካምሻፍቱ አካባቢ መርጠቡን በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ ሽቦዋን መልሱና አስነሡ። ከተነሣ በኋላ በዝግታ ሲያጉረመርም አትተዉት፤ በደቂቃ 1,500 ዙር አካባቢ 20 ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ያንጠባጥብ እንደሆነ፣ ውሃው ይሞቅ እንደሆነ ተመልከቱ። የራዲያተሩ ክዳን አሮጌ ከሆነ አሁኑኑ ቀይረው። በአንተ ከፍታ ግፊት የሌለበት ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ደካማ ክዳን ያለው ሞተር ቶሎ ይግላል፤ የጋለ ሞተር ውስጥ ደግሞ የመረጥነው 40 ዘይት እንደ 30 ይሳሳል።

ለሮዳጅ (አዲሱን ሞተር ለማለማመጃው ጉዞ) የመንገድ ዕድለኛ ነህ። ከሱሉልታ ወደ ጫንጮና ሙከ ጡሪ የሚወስደው ሜዳ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ግማሽ ሰው ጭነህ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እስከ 2,500 ዙር አንሣው፣ እግርህን ልቀቅ፣ ደግሞ አንሣው። ፋሻ የሚቀመጠው ከኋላው በሚመጣ የቃጠሎ ግፊት ተገፍቶ ነው፤ ስለዚህ መጠነኛ ጭነት ይፈልጋል። ተራ ላይ ቆሞ ለሰዓታት በዝግታ የሚሠራ አዲስ ሞተር ሲሊንደሩ ይወለወልና ፋሻው ሳይቀመጥ ይቀራል፤ ከዚያ ዘይት መብላቱ አይቆምም። የእንጦጦውን ዳገት ግን ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች ተወው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እግርህን እስከ መጨረሻው ስትጫን ያልተቃጠለ ናፍጣ በጥቁር ጭስ ይተፋል። ያ ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ያጥባል፣ ወደ ኮፓው ወርዶ ዘይቱን ያሳሳል። ኢንጀክተሮቹ ካልተፈተኑም ከቅዳሜ በፊት ይፈተኑ። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ የዘይቱ መጠን ከቀን ወደ ቀን ከፍ ካለና ናፍጣ ከሸተተህ አንተ የገዛኸው 15ደብልዩ-40 ውስጡ የለም፤ ቁም።

የመጀመሪያውን ዘይት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሞተሩ እንደሞቀ አፍስሰው፤ ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር። ሁለተኛውን 1,000 ላይ፣ ከዚያ 3,000 ላይ፣ ከዚያ በየ5,000ው። የመጀመሪያውን ሲያፈስሱ ጥቂቱን በነጭ ሰሃን ተቀበልና ወደ ፀሐይ አዘንብለው። ደቃቅ ግራጫ ብናኝ ማግኔት ላይ እንደ ሻጋታ ከተሰበሰበ አትደንግጥ፤ የፋሻውና የሲሊንደሩ ነው። ማግኔቱ የማይስበው፣ ቀላ ያለ፣ የመዳብ ቀለም ያለው ቅርፊት ካየህ ግን የብሮንዚን ነው፤ መኪናዋን ከቦታዋ አታንቀሳቅስ፣ ኮፓው እንደገና ይውረድ።

ምናልባት መካኒክህ ለመለካት ፈቃደኛ ባይሆንና ኮፓው ቢታሰርብህ፣ ያለህ ሌላ መንገድ የዘይት መብራቷ ሴንሰር በምትገባበት ቀዳዳ ላይ የሜካኒካል ጌጅ ማሰር ነው። በ15ደብልዩ-40 ሞተሩ በደንብ ሞቆ በ3,000 ዙር ከ2.5 ኪሎ በላይ ከያዘ፣ በዝግታ ሲሠራም መርፌው 1 ኪሎ አካባቢ ከቆመ ክፍተቱ ደህና ነው፤ ዘይቱንም አትቀይር። በቀዝቃዛ ያነበብከውን አትቁጠረው። ከለካችሁ ግን ሰባቱን ቁጥሮች፣ አራቱን የቢየላና ሦስቱን የዋና፣ በወረቀት ጽፈህ ላክልኝ፤ ዓርብ ማታ ቢደርሰኝ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት አይቼ እመልስልሃለሁ።